የልጃቸው ስልክ ቁጥር

ከቤት ወጥተው ጠፍተው የዋሉት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር አንድ ፋርማሲ በር ላይ ተገኙ። መኪና ይዛ ከመጣችው ሴት ጋር ግን አልሄድም አሉ።

«አላውቅሽም። ልጄ መጥታ ትወስደኛለች፤ ደውይላት።»

«ቁጥሯ ስንት ነው?»

ፊታቸው በራ። «ጎዶሎ ነው። አሃዞቹ ሲደመሩ አርባ ስለሚሆኑ ለሦስት አይካፈልም። እንዲያውም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው! ሲም ካርዱን የገዛች ዕለት አብረን አረጋግጠናል።»

«ቁጥሩ ራሱስ?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ። «ጠባዩን ሁሉ አውቃለሁ እኮ... እሱን ግን...»

ሴትየዋ ፊቷን አዙራ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጥቂት አወራች።

«ምን አለች?» አሏት።

«‹አባዬ ከሴትየዋ ጋር ይምጣ› ብላለች» አለቻቸው ሴት ልጃቸው፣ የመኪናውን በር ከፍታ።