በኮላ የተያዘው ብርድ ልብስ

አማትየዋ ሲደርሱ፣ ምራታቸው የሕፃኑን ብርድ ልብስ ገበር ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጥጡን አንጥፋ፣ ከጠርሙስ ነጭ ነገር እየጨመቀች ታንጠባጥብበታለች። ጠጋ ብለው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ ንፍጥ?»

«ኮላ ነው እማዬ። በስፒል ፈንታ ጨርቁን ይይዝልኛል። ተሰፍቶ ሲያልቅ በውሃ ይለቃል።»

«የሕፃን ገላ የሚነካውን ነገር በንፍጥ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሰው ብርድ ልብስ ሰፍተዋል። ራሰ ቀይ ስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይዘው እየሰኩ እየነቀሉ፣ አንዲት እንኳ ረስተው አያውቁም። ይህን ያልነገሩት ጎረቤት የለም። መነጽር ያስፈልግዎታል ያላቸውን ሰው ግን እስካሁን አኩርፈውታል።

ነገ ዘመድ አዝማድ ሕፃኑን ሊያይ ይመጣል። በማን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሊታይ ነው? አማትየዋን እንቅልፍ የነሳቸው ይሄ ነው። እሳቸው የሰፉለት ብርድ ልብስ እኮ በሕፃኑ አልጋ ላይ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ያን ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ አነጋ፤ ጠዋት ጭኑ ላይ ጭረት ታየ። የእናትየው ጥፍር ነው አሉ አማትየዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል። የእሷም ጣት በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር፤ መቀስ መያዝ የማታውቅ ሲሉ በልባቸው ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሱ የት እንደገባ አልታወቀም። ሲጠይቋት ለክረምት አስቀምጬዋለሁ አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ስፌቱ አለቀ። ልጠበው አሉ አማትየዋ።

«ይተዉት እማዬ፣ ይደክምዎታል።»

«ጉድሽ እንዳይወጣ ነው?»

ሳፋው ውስጥ ሲነክሩት ውሃው የተበላሸ ወተት መሰለ። በጣቶቻቸው መሃል ይዝለገለጋል፤ ቀንድ አውጣ የጨበጡ ያህል አቅለሸለሻቸው። ምራትየዋ ውሃ ትቀይርላቸዋለች። እየቆየ ውሃው ጠራ። ብርድ ልብሱም ለስልሶ፣ የጥጥ ጠረን ብቻ ይዞ ወጣ። ይሄ ደግሞ ከዝልግልጉ ይልቅ አስጠላቸው።

እሷ ልታሰጣ ስትወጣ፣ እሳቸው መኝታ ቤት ገብተው ቁም ሳጥኑን በረበሩ። ያ የለፉበት ብርድ ልብስ ከአሮጌ ጫማ ኋላ፣ በድርብ ፌስታል ታንቆ ተወሽቋል፣ የተስቦ በሽተኛ ልብስ ይመስል። ደማቸው ፈላ። ፌስታሉን ቀደዱት።

ምራትየዋ በሩ ላይ ደርሳ ደነገጠች። «እማዬ፣ ቀስ ብለው ይያዙት።»

«ከአንቺ ንፍጥ አይብስም» አሉና፣ ብርድ ልብሱን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አቀፉት።

ሲያላቅቁት፣ አንዲት ራሰ ቀይ ስፒል ደረታቸው ላይ ተሰክታ ቀረች።