ሽጉጡ የሚያድርበት ቤት

አባትየው ስለ ሽጉጡ መጠየቅ የጀመሩት እናትየዋ በሞቱ በሁለተኛው ወር ነው።

ሽጉጡ የልጃቸው ነው፤ ማለትም የመሥሪያ ቤቷ። ልጅቷ በማዘጋጃ ቤት የእንስሳት ሐኪም ረዳት ናት። መኪና የገጨው ፈረስ ወይም ወገቡ የተሰበረ አህያ ሲገኝ፣ ሐኪሙም «አይድንም» ሲል፣ ስቃዩን የምታሳጥረው እሷ ናት። ጥሪ በማንኛውም ሰዓት ስለሚመጣ ሽጉጡ በብረት ሳጥን ተቆልፎ አልጋዋ ስር ያድራል።

አባትየውም ያንኑ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት።

«ዛሬ ተኮስሽ?» ይላሉ ከሥራ ስትገባ።

«አዎ፣ አባባ። አንድ ላም።»

«ሳጥኑን ቆልፈሻል?»

«ቆልፌያለሁ።»

«ቁልፉስ የት ነው?»

ይህን ሲሏት ወደ ክፍሏ ትገባለች።

ታክሲ የሚነዳው ወንድሟ በሳምንት ሁለቴ ብቅ ይላል። በር ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ።

«አሁንም ይጠይቃሉ?»

«በየቀኑ። እንቅልፍም የላቸው። የክፍሌን በር ገርበብ አድርገው ወደ ውስጥ ሲያዩ ነው የማገኛቸው።»

«ሳጥኑን ነዋ የሚያዩት! አርባ ዓመት ሙሉ ከእማማ ጋር ኖረው ብቻቸውን መቅረት ቀላል መሰለሽ? ዓይንሽን ከሽማግሌው ላይ እንዳትነቅዪ።»

«እሺ» አለች። የቤቱ ካርታ ያለበትን መሳቢያም አሳየችው፤ ድንገት ቢያስፈልግ ብላ። ቡናማ ካፖርቷን አጣጥፋ ለሚስቱ ላከችላት።

«ይቺ ካፖርት እኮ ነፍስሽ ነበረች» አለ ወንድሟ።

«ሰፋችኝ።»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ አንድ የጭነት መኪና የጋሪ ፈረስ ገጨ። ልጅቷ መኪናዋን ስታስነሳ አባትየው ሳይጠየቁ ከጎኗ ገብተው ተቀመጡ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሊሠሩ?»

«አየር ልቀበል።»

ፈረሱ አስፋልቱ ላይ ተዘርሯል። ሁለቱም የኋላ እግሮቹ ተሰብረዋል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰውና ራሱን እየነቀነቀ ተነሣ። ባለጋሪው ልጓሙን አልለቅም አለ።

«እኔ ነድቼው አላውቅም፤ እሱ ነው ሲነዳኝ የኖረው» አለ።

«ፊትህን አዙር፣ ወንድሜ» አለችው።

አላዞረም። ሰዉን ገለል አስደረገች፤ የፈረሱን ዓይን በመዳፏ ጋረደች፤ ተኮሰች። አንድ ጥይት በቃው። ባለጋሪው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጮኸ።

ድሮ ቢሆን እስከ ቤቷ ድረስ ታለቅስ ነበር። እናቷም «ደግሞ ዛሬ የማን ለቅሶ ነው?» እያሉ ያሾፉባት ነበር። አሁን ምንም አልተሰማትም። ተንበርክካ እንደቆየች የፈረሱን ፊት አየች።

«ተገላገለ» አለች።

አባትየው ከኋላዋ ደርሰው ቆመዋል። ፈረሱን አላዩም። ዓይናቸው የተተከለው ሽጉጡ ላይ ነው።

«ልጄ፣ አሁን አስቀምጪው» አሉ።

የዚያን ዕለት ለወንድሟ ደወለችለት።

«ዓይናቸውን ከሽጉጡ ላይ አልነቀሉም» አለችው።

«በቃ፣ ነገሩ ደርሷል። ሰኞ ሐኪም ጋ እወስዳቸዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ሳጥኑ ከአልጋዋ ስር የለም። የአባቷ አልጋ ተነጥፏል፤ ጫማቸው የለም። በሩ ገርበብ ብሏል።

ወንድሟ ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ አውርዶ መጣ። ድልድዩ ጋ ፈለጉ። የእናታቸው መቃብር ጋ ፈለጉ። ወንዙን ተከትለው እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል ወንድሟ መሪውን እየደበደበ። «አርብ መውሰድ ስችል! ምናለ አርብ ብወስዳቸው!»

እሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች። አንዲት እንባ አልወጣትም።

በመጨረሻ ሽጉጡ መጥፋቱን ልታመለክት ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄዱ። አለቃዋ በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

የብረት ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንደተቆለፈ ነው። አባትየው የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ወንድምየው እግራቸው ስር ተደፋ።

«አባባ! ምን ነካዎት? እኛ ልጆችዎ እያለን በራስዎ ላይ እንዲህ ያስባሉ?»

አባትየው ግር ብሏቸው ቁልቁል አዩት።

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ? ሳጥኑን ያመጣሁት ከእህትህ ላርቀው ነው፤ ስጠብቅ የከረምኩት እሷን ነው።»