የምናሴ ፊርማ

ጠበቃ እማዋይሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤትና የሥዕል ባለቤትነት ክርክር ስትይዝ ኖራለች። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ ፍርድ ቤት የቃል ምስክርነት አይቀበልም፤ ትዝታው ራሱ ከምስክሩ ጭንቅላት ወጥቶ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ለባለቤቱም አይመለስም። ስለዚህ ደንበኞቿን ሁልጊዜ፣ "ብትሸነፉ ይሻላችኋል፤ የምትወዱትን ሰው ትዝታ አትስጡ" ትላቸው ነበር።

ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ቤቷ በገባች በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሟ ምናሴ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሸክሞ መጣ።

"እትዬ፣ አሸነፍን! ጋለሪው ወስዶብን የነበረውን ሥዕል በፍርድ መለሰልን" አለና ከሶፋው በላይ ሰቀለው።

እማዋይሽ ቀና ብላ አየችው። አንድ ሽበታም ሰው ትንሽ ሴት ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የጫማዋን ክር ያስርላታል።

"ደስ ይላል። ሰውየው ማነው?"

ምናሴ መዶሻውን አስቀምጦ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከኪሱ አወጣ። እሷ የውሳኔውን ወረቀት ከእጁ ወሰደችና እንደ ልማዷ በቀጥታ ወደ ማስረጃው ዝርዝር ሄደች። "እማዋይሽ በሥዕሉ ላይ ራሱን ስለሳለው ሠዓሊ አባቷ ያላት ትዝታ በሙሉ፤ በቀዶ ሕክምናው ሰመመን ውስጥ ሳለች የተወሰደ። የፈቀደው፦ ተወካይዋ ምናሴ።" ውክልናውን የሰጠችው ለሆስፒታሉ ጉዳይ ብላ ነበር።

"አንተም ልጁ ነህ" አለች። "ለምን የራስህን አልሰጠህም?"

"እንዴት ልስጥ?" አለ አንገቱን ደፍቶ። "አባባ ነው እኮ።"

እማዋይሽ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ አስታቀፈችው።

"ይዘኸው ሂድ፤ አንተ ታውቀዋለህ" አለችና በሩን ከፈተችለት።