ወይዘሮ ሄልቪ ያካፈሏት ቋንቋ

ማህደር በነርስነት ፊንላንድ በሄደችበት ዘመን የሰው አገር ቋንቋ በትምህርት መልመድ ቀርቶ ነበር። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ቃላቱን ያካፍላል። የተሰጠ ቃል ግን ከሰጪው ይጠፋል፤ ዳግመኛም አይመለስለትም።

ለማህደር ያካፈሏት አከራይዋ፣ አሮጊቷ ወይዘሮ ሄልቪ ናቸው። በእሳቸው ቃላት የበሽተኞቿን ሕመም ሰማች፤ ወዳጅም አፈራች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወይዘሮ ሄልቪ ሾርባቸውን ቀምሰው እጃቸውን ዘረጉ።

"እስቲ ያንን... ነጩን..."

ማህደር ጨውን አቀበለቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ለእኔ ብለው እኮ ነው ያጡት።"

"ምን በወጣሽ! ባሌ ከሞተ ወዲህ 'አቀብለኝ' የምለው ሰው አልነበረኝም። አሁን የምፈልገውን ነገር ስም ሳልጠራ እንኳ የምታቀብለኝ አለች።"

ማህደር ተነስታ ጉንጫቸውን ሳመች።

"እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በእኔ አገር ቋንቋ ስሙን ልንገርዎ፤ ያለ ሐኪም፣ እንዲሁ በአፍ። ጨው ይበሉ።"

"ቸው።"

"ጨው።"

ወይዘሮ ሄልቪ እየሳቁ ደጋገሙት፤ በመጨረሻ አፋቸው ተቃና። ማህደር ደንግጣ ቃሉን በልቧ ፈለገችው። አልጠፋም፤ እሷም ጋ አለ።