አሥራ አንድ መስመር

ዳምጠው ከሥራ ሲሰናበት ሥራ አስኪያጁ «ያላንተ የሚቆም ሥራ የለም» ብሎት ነበር። ዛሬ ደግሞ እዚያው ቢሮ የምትሠራውን የዳምጠውን ሚስት ጠርቶ «ያቺን እሱ የጻፋትን ሞጁል ከሰርቨሩ ላይ አጥፊልኝ፤ አሥራ አንድ መስመር የጃቫስክሪፕት ኮድ ምን ትጠቅማለች?» አላት።

«ሌሎቹ የፕሮግራሙ ክፍሎች ሁሉ የሚሠሩት እሷን እየጠሩ፣ በእሷ ተደግፈው ነው» አለችው።

«አጥፊ አልኩሽ እኮ!»

አጠፋች። ሰርቨሩና በእሱ ላይ የሚሠራው የድርጅቱ አገልግሎት ሁሉ ወዲያው ቆመ፤ የደንበኞች ስልክ ቢሮውን አናወጠው። መልሳ ለመጫን አንድ ትእዛዝ ይበቃት ነበር፤ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«በይ እባክሽ፣ ለዳምጠው ደውዪለት! ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ» አለ ላቡን እየጠረገ።

ተነሥታ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ገነጠለችና ፊቱ አስቀመጠችው። ባለፈው ወር የወጣ የሐዘን መግለጫ ነበር፤ ከዳምጠው ፎቶ ሥር የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለበት።