የማያጎነቁል ባቄላ

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ባቄላ ውሃ ውስጥ አድሮ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠቀለል በሦስተኛው ቀን ነጭ ቡቃያ ያወጣ ነበር። አሁን ዘር የመሸጥ መብት የአንድ ኩባንያ ብቻ ስለሆነ፣ ማንኛውም እህል ዳግም እንዳይበቅል በጨረር ሳይመታ ለገበያ አይቀርብም።

የወይዘሮ አመለወርቅን ባለቤት አቶ ደምሰውን ፋብሪካ የነካው ምግብ ሁሉ ያማቸዋል። በጾም ወራት ከጥራጥሬ ሆዳቸው የሚቀበለው በቆልት ብቻ ነው። ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ወይዘሮዋ ባቄላውን በሳህን ይዘው ወደ ገዙበት ሱፐርማርኬት ተመለሱ።

«የኔ ልጅ፣ ምንም ያልተነካ ነው ብለሽ የሸጥሽልኝ ይሄ ነው። ብዘፈዝፈው ሸተተ እንጂ አላጎነቆለም።»

ሻጯ አፍንጫዋን ይዛ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «እትዬ፣ ምንም አልተጨመረበትም እኮ። ማጎንቆሉን ብቻ ነው ያጠፉበት።»

«ነፍሱን አውጥታችሁ ገላውን አልነካንም ትሉኛላችሁ?»

«ምነው፣ እኔን ይቆጡኛል? በቆልት ከሆነ የፈለጉት፣ ታሽጎ አለልዎ።»

ወይዘሮ አመለወርቅ እሽጉን ተቀብለው ጀርባውን አነበቡ። ማቆያ አለው፣ ማቅለሚያ አለው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የበቆልት ሽታ» ይላል።

«ሽታውንም ጨምራችሁበት ነው? ይሄን አብልቼ ደምሰውን ልግደለው?»

«ሌላ የለም፣ እትዬ። የትም ቢሄዱ ያው ነው።»

ሳህኑን ከነባቄላው ባንኮኒው ላይ ትተውላት ወጡ።

አቶ ደምሰው ያን ጾም በጎመንና በድንች ገፉት። ሲገባ ስልሳ አንድ ኪሎ ነበሩ፤ በፋሲካ ማግስት ክሊኒክ ሲመዘኑ አምሳ አራት ሆኑ።