የሀብቱ ግለ ሂስ

መኪናው ገና ሳይቆም ሀብቱ ከፊት ወንበር ዘሎ ወረደ። እታለም በሕይወት ስታየው «ተመስገን!» አለች፣ ድምፅ አውጥታ።

የደርግ ሠራዊት አሶሳን ጥሎ የሸሸ ሰሞን ይህ ሰው የካድሬ ልብሱን ጫካ ጥሎ፣ እግሩ በእሾህ ተበሳስቶ፣ በማለዳ ደጃቸው ላይ ነበር የተገኘው። ባሏ የሻው ከማሽላው ማሳ ጥግ ባለችው የቀርከሃ ጎጆ ደበቀው። እሷ ከሰው ዐይን እየተሸሸገች ገንፎ አመላለሰችለት። የባሏን ደህናውን ሱሪ አለበሰችው። ከዚያ አንድ ቀን «ባምባሲ ዘመድ አለኝ» ብሎ ወጣና ወሬው ጠፋ። የሻው «አግኝተው ጨርሰውት ይሆናል» እያለ ምግብ አልበላለት ብሎ ከርሟል።

አሁን ሀብቱ ማንጎው ጥላ ሥር ቆሟል፤ ቁምጣ ለብሶ፣ የላስቲክ ጫማ ተጫምቶ፣ አንገቱ ላይ ስስ ኩታ ጠምጥሞ። ከኋላው መሣሪያ የያዙ ታጋዮች አሉ። አለቃቸው ቀጭንና ዝምተኛ ወጣት ነው። የሰፈራ መንደሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቧል፤ ከወዲያኛው የበርታዎች መንደርም ሽማግሌው ዐወድ ከዘራቸውን ይዘው መጥተዋል።

«የተከበራችሁ ገበሬዎች!» አለ ሀብቱ።

ድምፁ ያው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎ ላይ፣ ከመጠለያው ድንኳን ፊት ሣጥን ላይ ወጥቶ «የአሶሳ አፈር ቅቤ ነው፣ ተሳፈሩ!» ያለው ድምፅ። እታለም እሱን አምና ተሳፈረች። በመጀመሪያው ክረምት ሴት ልጇን ወባ ወሰደባት። ሀብቱ ቀብሩ ላይ ቆሞ እንደ ዘመድ አልቅሶላታል፤ ያን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

«ደርግ ከቀያችሁ ነቅሎ፣ አታሎ፣ እዚህ በረሃ ጣላችሁ» አለ አሁን።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጎረቤቷ ጤናዬ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ኧረ ማን ነበር ያሳፈረን?» አለች።

ሀብቱ ንግግሩን ጨርሶ መፈክር ሊያሰማ ሲል ግራ እጁ እንደ ልማዱ ተጨብጦ ወደ ላይ ወጣ። እጁ አየር ላይ ሳለ ዘመኑ መለወጡ ትዝ አለውና ፀጉሩን አከከበት። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወጣቱ አለቃ አልሳቀም።

«የዚህ መንደር የኢሠፓ ሰው ማነው?» ሲል ሀብቱን ጠየቀው።

እታለም አልደነገጠችም። የሻውን አባል ያደረገው ማን ሆነና? «ሊቀመንበር ሆነህ አባል ካልሆንክ እኔን ያስጠይቀኛል» ብሎ፣ ደጅ ጠንቶ ያስገባው ሀብቱ ራሱ ነው። እንጀራችንን የበላ ሰው ነው፣ አያደርገውም፣ አለች በልቧ።

«ያ ነው» አለ ሀብቱ። ጣቱን እንኳ አልቀሰረም፤ በአገጩ ነው ያመለከተው። «የሻው ይባላል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። ቀንደኛ ነበር።»

የሻው ከተቀመጠበት ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላ የሚያደርገው የጠፋው ይመስላል። ሁለት ታጋዮች ወደ እሱ ሲራመዱ እታለም መሃል ገባች።

«ኧረ ጌታዬ!» አለች ወደ ወጣቱ ዞራ። «ካድሬው እሱ ራሱ አይደለም ወይ? ከወሎ ያመጣን እሱ! ባሌን አባል ያደረገው እሱ! አገር ሲከዳው የደበቅነው እኛ!»

ወጣቱ እስክትጨርስ ጠበቃት። «እናውቃለን፣ እናት። ሀብቱ ሁሉንም ራሱ ነግሮናል። ግለ ሂስ አድርጓል፤ ድርጅቱም ተቀብሎታል።»

«ምን አድርጓል?»

«ጥፋቱን አምኗል።»

«ጥፋቱ የሱ ከሆነ፣ የኔን ባል ምን አደረገ ብላችሁ ትወስዱታላችሁ?»

ዐወድ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ አልገባኝም፣ ወላሂ» አሉ። «ይሄ ሰውዬ በፊት መጣ፣ ደርግ ጥሩ ነው አለ። እኛ አጨበጨበ። ዛሬ መጣ፣ ደርግ መጥፎ ነው አለ። እሺ፣ እናጨበጭባለን። የሻው ግን ምን አለ? የሻው ምንም አላለም።»

«ይቀመጡ፣ አባት» አለ ወጣቱ።

የሻውን ወደ መኪናው ወሰዱት። ሲያልፍ «ተይ እታለም፣ አትጩሂ» አላት ቀስ ብሎ። «ማሽላውን አረም እንዳይውጠው።»

ሀብቱ ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አይክፋሽ። ተሃድሶ ነው፣ ተምሮ ይመለሳል። እኔ ባልናገር ሌላ ሰው ይናገረው ነበር።»

ፊቱ ላይ እፍረት ፈለገች። ያገኘችው ድካምና ጥድፊያ ብቻ ነው። ያኔ በጎጆዋ ውስጥ ያጫወታቸው ትዝ አላት። ተማሪ ሳለ በአንድ ድርጅት ውስጥ ነበረ፤ ያ ሲመታ ወደ መቺው ገባ፤ ከዚያም ወደ ኢሠፓ። «ጓደኞችህሳ?» ሲል የሻው ጠይቆት ነበር። ሀብቱ ገንፎውን እያላመጠ «ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚፈልገው መሻገሪያ ነው እንጂ ጓደኛ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የሻውና እሷም ሳቁ።

«አብረንህ ስቀን ነበር እኮ» አለችው።

አልገባውም፤ ወይም ያልገባው መሰለ። መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ እሱ ወደ ማንጎው ጥላ ተመለሰ፤ አዲስ ሊቀመንበር ሊያስመርጥ። «ጥቆማ!» አለ። የባሏ የክርስትና አባት ታረቀኝ ተጠቆመ። «የምትደግፉ!» ሲል እጆች ወጡ። ጤናዬ መሬት መሬት እያየች እጇን አነሣች።

እታለም በተነሡት እጆች መሃል አልፋ ወደ ባምባሲ መንገድ ወጣች። ዝናብ ጀምሯል፤ የመኪናው ጎማ የቦረቦረው ጭቃ ውሃ እየያዘ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ የጎማውን ፈለግ ይዛ ተራመደች። ከኋላዋ ያጨበጭባሉ፣ ወይ ዝናቡ ማንጎው ቅጠል ላይ በርትቷል፤ መለየት አልቻለችም።